ስለ እንግዳና ስለ ባለቤት

ጸጥታ በሰፈነበት መንደር አጠገብ ለአገር ጎብኚዎች ማረፊያ ሊሠራ ታስቦ የመንደሩ ሰዎች «አይሆንም» ያሉ እንደ ሆነ ፈጥኖ የሚሰጣቸው ስም «የልማት ጠላት» የሚል ነው። ይህን ስም የሚያወጡላቸው ክፉዎች ብቻ አይደሉም። ትምህርት ቤት የገቡ፣ አገራቸውን የሚወዱ፣ መንገድና መብራት ለገበሬው እንዲደርስለት የሚመኙ ወጣቶችም ያወጡላቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ልነቅፈው ያሰብሁት ይህን ችኩል ፍርድ ነው። ነገር ግን ነቀፌታ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያዘነበለ እንደ ሆነ ነቀፌታነቱ ቀርቶ ጥብቅና ይሆናልና፣ ተቃዋሚዎቹ የሚሳሳቱበትንም ቦታ ሳላነሣ አላልፍም።

ስለ እንግዳ መቀበል ለጎጃም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በገጠራችን መሽቶበት ደጅ የቆመ መንገደኛ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ብሎ ቢጣራ ውሻው ይያዝለታል፤ መደቡ ይለቀቅለታል፤ እግሩ ይታጠብለታል፤ ከልጆቹ ራት ተቀንሶም ቢሆን ሳይበላ አያድርም። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው አንድ ነገር አለ። እንግዳው የሚከበረው ባለቤት ስላለ ነው። «ኖር» ብሎ የሚነሣ፣ ውኃውን የሚያሞቅ፣ መደቡን የሚለቅ ሰው ካልኖረ እንግዳ የሚባል ነገር አይኖርም፤ የሚኖረው ባዶ ቤት የገባ ሰው ነው። እንግዳውም በበኩሉ የሚጠብቀው ሥርዓት አለው። ዱላውን ከደጅ ያስቀምጣል፤ ተቀመጥ ከተባለበት ይቀመጣል፤ ጓዳ ዘልቆ እንስራ አይከፍትም። የቤቱ ደንብ የሚወጣው ከቤቱ ነው እንጂ ከእንግዳው ከረጢት አይደለም።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቡሬ ተነሥቶ በቲሊሊ በኩል ወደ ሰከላ የወጣ ሰው የዓባይ መነሻ የሆነውን የግሽን ምንጭ ያገኛል። ከምንጩ የሚወጣው ትንሽ ውኃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና ይገባል። ለአገሩ ሰው ግን ይህ የጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ጸበል ነው። በየዓመቱ ጥር 13 ቀን የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል ሲከበር ከጎጃምም ከሌላም አገር ብዙ ሕዝብ ይወጣል። ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው ከብዙ ዘመን በኋላ ሳይርሱ ተቀበሉ የሚለው ትውፊትም በአካባቢው ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ነው።

ወደዚህ ምንጭ የመጡት የውጭ አገር ጎብኚዎች ትናንት የመጡ አይደሉም። የእስፓኝ ተወላጅ የሆነው ካቶሊካዊው ቄስ ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1610 ዓ. ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ በዚያ አገር ሳለ ምንጩን አይቶታል። ከ150 ዓመት በኋላ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጥቅምት ወር 1763 ዓ. ም. ደረሰ። (ከሱ በፊት ማንም ፈረንጅ አላየውም ብሎ መሟገቱ የሰውየው ጠባይ ነው፤ እንለፈው።) ብሩስ ተራ መንገደኛ አልነበረም። ንጉሡ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት የግሽን መንደር ከነምንጩ በግዛትነት ሰጥተውታል። እንግዲህ በዛሬ አነጋገር ወረቀቱ በእጁ ነበረ ማለት ነው። ሆኖም ራሱ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ምንጩን ባየ ጊዜ መሪው የአገሩን ሰዎች እምነት ነግሮት ጫማህን አውልቅ አለው። እሱም አወለቀ። ባዶ እግሩን ቁልቁል ሲሮጥም የአበባ ሥር እያደናቀፈው ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ።

ወጣት አንባቢ፣ ይህችን ነገር ልብ ብለህ ተመልከታት። ሰዎቹ እንግዳውን አልከለከሉትም። ምንጩን አሳዩት፤ አስተናገዱት፤ ብዙ ቀንም አብሮአቸው ሰነበተ። እሱም የንጉሥ ቃል አለኝ ብሎ ከነጫማው አልሄደባቸውም። ባለቤቱም ባለቤት፣ እንግዳውም እንግዳ ሆነው ተገናኙ። አሁን ከየመሥሪያ ቤቱ ለሚወጣው የቱሪዝም ፕላን መለኪያ አድርጌ የማቀርበው ይህን ነው፤ ጫማህን አውልቅ ለማለት የሚችል ሰው በቦታው ይቀራል ወይስ አይቀርም?

በዚህ መለኪያ የላሊበላን ጉዳይ እንመርምር፤ በአገራችን በመንደር ሰዎችና በጎብኚ መካከል ያለው ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየው እዚያ ነውና።

በ1950ዎቹ ዓመታት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የኢትዮጵያን የቱሪስት ድርጅት ሲያቋቁሙና አገራችንን የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ ብለው ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ላሊበላ ከነባሕር ዳር፣ ከነጎንደርና ከነአክሱም ጋራ በታሪካዊው መንገድ ላይ ገባች። በ1970 ዓ. ም. መጨረሻ ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዩኔስኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ባወጣው የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን በመዝገቡ የተጻፉት ደንጊያዎቹ ናቸው። በደንጊያዎቹ ዙሪያ ደግሞ ሰው ነበረ። ካህናት፣ ደብተራዎች፣ ሸማኔዎች፣ ለነጋድያን ጠላ የሚጠምቁ ሴቶች፣ ቆሎ ተማሪዎች፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር ለመሞት የሚጠባበቁ አረጋውያን ነበሩ። ቤታቸውም ከደንጊያና ከጭቃ የተሠራ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ፣ በላስታ የታወቀው ባለ ፎቅ ክብ ቤት ነበረ።

በ2001 ዓ. ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ቱሪዝም ልማት 35 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። በዚያ ፕሮጀክት በላሊበላ ሊሠሩ ከታሰቡት ነገሮች አንዱ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የሚኖሩትን ቤተ ሰቦች አንሥቶ ራቅ ወዳለ ቦታ ማስፈር ሆነ። የቀረበው ምክንያት በከንቱ የሚናቅ አይደለም። ከቤቶቹ የሚወጣ ፍሳሽ ወደ ደንጊያው ይሰርጋል፤ መጸዳጃ የለም፤ እሳት ይነሣል፤ ሕዝቡም እየበዛ ሄዶአል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ፍሳሽ ያስቸገረ እንደ ሆነ የሚነሣው ፍሳሹ ነው ወይስ ሰውየው? በ35 ሚሊዮን ዶላር ሥራ ውስጥ ቦይ መቆፈርና መጸዳጃ መሥራት ሰው ከማንሣት በፊት የሚታሰብ አልነበረምን?

ቦታው ለሰዎቹ ምን እንደ ነበረ ካላወቅን የቅሬታቸውን ክብደት አናውቅም። ሌሊት ለማኅሌት የሚነሣ መሪጌታ ከደጁ እስከ ቅኔ ማኅሌቱ ጥቂት እርምጃ ነበረው፤ አሁን በጨለማ አቀበት ይወጣል። ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ደንበኛዋ በደጇ የሚያልፈው ነጋዲ ነበረ፤ አዲሱ ሰፈር ነጋዲ አያልፍበትም። ካሳ ተሰጥቶአታል ይባላል። ካሳው የግድግዳውና የክዳኑ ዋጋ ነው። በመንገድ ዳር መሆን፣ ለጎረቤት ቅርብ መሆን፣ ቅዳሴ ከመደብ ላይ ሆኖ መስማት በካሬ ሜትር አይለካም፤ ስለዚህም ከሒሳቡ ይወጣል። የባንኩ የራሱ ደንብ እንኳ የሚነሣ ሰው ከነበረበት ኑሮ ዝቅ እንዳይል ያዝዝ ነበር። ኑሮ ምን እንደ ሆነ የሚተረጉመው ግን ኖሮበት የማያውቅ ባለሙያ ከሆነ ደንቡ ከወረቀት አይወርድም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ በኋላ የሆነው ነው። የተነሡት ሰዎች ቤቶች ሁሉ አልፈረሱም። ክብ የሆኑት ባለ ፎቅ ቤቶች የጥንት የቤት አሠራር ምሳሌ ናቸውና ይጠበቁ ተባለ፤ ተጠበቁም። ቤቱ ቅርስ ሆነ፤ በዚያ ቤት ውስጥ የተወለደው ሰው ግን ቅርስ አልሆነም። ጎብኚው እሳት የማይነድበት ምድጃ፣ ውኃ የሌለበት የእንስራ ማስቀመጫ ያያል። በገጠር ቤት ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው የሣር ክዳን የሚጠነክረው ጢስ ሲጠጣ ነው። ጢስ ያጣ ክዳን ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይበላዋል። እንግዲህ ነዋሪውን አስወጥቶ ቤቱን እጠብቃለሁ ማለት ለቤቱም እንኳ የማይበጅ ነበር።

ሁለተኛው የላሊበላ ነገር የመጠለያዎቹ ነው። በ2000 ዓ. ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አምስት አብያተ ክርስቲያናትን የሚጋርዱ አራት ታላላቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ዓላማቸው ዝናብን መከላከል ነበረ። ደንጊያው ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ፣ ውኃ የሚጠጣ ለስላሳ ደንጊያ ስለ ሆነ ዝናብ በእውነት ጠላቱ ነው። እንደ አንድ የሥነ ሕንፃ ሥራ ከተመለከትናቸው ግን ትልቅ ጉድለት አለባቸው። የላሊበላ ጥበብ ቁልቁል የወረደ ጥበብ ነው። ጠራቢው ሕንፃውን ከምድር በታች ደብቆታል፤ የመጣ ሰው እስከ ጉድጓዱ አፍ ካልደረሰ አያየውም፤ በደረሰም ጊዜ ልቡ የሚመታው ስለዚህ ነው። መጠለያው ግን በብረት እግሩ ከሩቅ ተገትሮ ይታያል። ስለ ተሰወረው ነገር ሳይጠየቅ ይናገራል። ለጊዜው ተብሎ የመጣ መሆኑ ጉድለቱን ሊያስታግሥ ይችል ነበር፤ ነገር ግን በአገራችን «ለጊዜው» የሚለው ቃል ዕድሜው ረዥም ነው።

በ2011 ዓ. ም. መጀመሪያ የላሊበላ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ መጠለያዎቹ ይነሡልን፤ ከብደው በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ እንዳይወድቁ እንሰጋለን አለ። ከዚያ በፊት ካህናቱ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ብረቱ ሲንቀጠቀጥ እያዩ ለብዙ ጊዜ ሲናገሩ ኖረዋል። ከሰልፉ በኋላ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው አገራቸው እንደምትረዳ ተናገሩ። እንግዲህ የልማት ጠላት የሚባለው ሕዝብ ያደረገውን አስተውሉ። ቅርሱን አስቀድሞ የፈራለት እሱ ነው። ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሕዝቡ በየቀኑ ይሳለመዋል። በየቀኑ የሚሳለም ሰው ስንጥቅን ቶሎ ያያል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ ጉድለት ልመለስ።

ተቃውሞ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። «ቅርሳችን ይጠበቅ» ብሎ ከሚጮኸው መካከል በማግሥቱ የራሱን ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ለመሥራት ፈቃድ የሚለምን ይገኛል። የባዕድ ባለሀብት መሬት ሲወስድ የሚከፋው፣ የራሱ አጎት የጎረቤቱን ድንበር ሲገፋ የማይከፋው ይገኛል። አንዳንዱም የሚቃወመው ፕላኑን ሳይሆን የካሳውን ማነስ ነው፤ ገንዘቡ በተጨመረ ዕለት ዝም ይላል። ካሳ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነገር ግን ጉዳዩ የገንዘብ ከሆነ የገንዘብ ነው ማለት ይሻላል እንጂ የአባቶችን አጥንት እየጠሩ ዋጋ መከራከር ሌሎቹን፣ እውነተኛ ነገር ያላቸውን ሰዎች፣ ቃላቸው እንዳይታመን ያደርጋል።

ደግሞም እንግዳ የሚያመጣውን በረከት መካድ አይገባም። በላሊበላ ብዙ ወጣት ቋንቋ የተማረው ከጎብኚ ነው። ለብዙ ዓመታት ከአንድ የውጭ አገር ጎብኚ 50 ዶላር ለመግቢያ ይከፈል ነበር፤ ከዚህ ገቢ ብዙ አገልጋይ ይተዳደራል። ሕፃናቱ ከትምህርት ቤት ቀርተው ነጭ ሰው ባዩ ቁጥር እጃቸውን እንዲዘረጉ ያደረገም ይኸው መንገድ ነው፤ ይህን ደግሞ ባለሥልጣን አላመጣውም፤ ወላጆች ዝም ብለው አይተውታል። ልጁ ሲለምን ዝም ያለ አባት ፕላን ሲመጣ ክብሬ ተነካ ቢል ሰሚው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

የሆነ ሆኖ የባለቤቱ ጉድለት ባለቤትነቱን አይፍቀውም። ቤቱን በደንብ ያልጠረገ ሰው ቤቱን ተቀማ አይባልም።

በስሜን ተራራ የሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ብሔራዊው ፓርክ በ1962 ዓ. ም. በሕግ ተቋቋመ፤ እንደ ላሊበላ ሁሉ በ1970 ዓ. ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1989 ዓ. ም. ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋራ ተጻፈ። ከምክንያቶቹ አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚኖሩት ገበሬዎች እርሻና ግጦሽ ነበረ። በዚያ በደጋው ላይ ግጭ የሚባል መንደር ነበረ፤ ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ እስላሞች ሲሆኑ ገብስ እየዘሩ፣ በግ እያረቡ ከትውልድ ወደ ትውልድ ኖረውበታል። በ2008 ዓ. ም. ገደማ ካሳ ተከፍሎአቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር ወረዱ። በሐምሌ 2009 ዓ. ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ጎብኚው አሁን ዋልያውንና ጭላዳውን ያለ ገበሬ ያያል። ፈቅደው ነው የወጡት ተብሎአል። እ. ኤ. አ. በ2020 ስለ አፍሪካ ፓርኮች መጽሐፍ ያሳተመው ፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጊዮም ብላን ግን ይህንኑ የስሜንን ጉዳይ ምሳሌ አድርጎ፣ አውሮፓዊ በገዛ አገሩ የተራራ ገበሬውን ባህሉ ነው ብሎ ሲያከብር አፍሪካዊውን ገበሬ ግን የተፈጥሮ አጥፊ ነው ብሎ ያስነሣል ሲል አጥብቆ ይነቅፋል። በነገሩ ሁሉ ባልስማማም በዚህ እስማማለሁ። ዋልያው ሊጠበቅ ይገባል፤ በዓለም ላይ ከዚያ ተራራ በቀር የትም የለም። ነገር ግን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ሰዎቹ ከዋልያው ጋራ ለብዙ ዘመን በአንድ ተራራ ኖረው ሳለ የጥበቃው ረዳት ለመሆን የማይበቁ ናቸው ተብሎ የተፈረደው ከንቀት በቀር በምን ማስረጃ ነው? በ2014 ዓ. ም. በታንዛንያ በሎልዮንዶ የማሳይ ከብት አርቢዎች መሬታቸው ለአደንና ለጥበቃ ሲከለል ከፖሊስ ጋራ እስከ መጋጨት የደረሱትም ይህንኑ ጥያቄ ጠይቀው ነበር።

ማንም ሳያስወጣው ባለቤት የሚያልቅበትም አገር አለ። የኢጣልያዋ ቬኒስያ በውኃ ላይ የተሠራች ውብ ከተማ ናት። በ1943 ዓ. ም. ገደማ በአሮጌው ከተማ 175 ሺሕ ያህል ሰው ይኖር ነበር፤ በ2014 ዓ. ም. ከ50 ሺሕ በታች ሆነ። ወታደር መጥቶ አላስወጣቸውም። ቤት ለጎብኚ ማከራየት ለነዋሪ ከማከራየት ይልቅ ስለሚያተርፍ ኪራዩ ከፍ አለ፤ ዳቦ ቤቱ የጭንብል መሸጫ ሆነ፤ ልጆች ሲያድጉ ወደ የብሱ ተሻገሩ። በ2016 ዓ. ም. ከተማዋ ለአንድ ቀን ከሚመጣው ጎብኚ 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረች። በር ላይ ቲኬት የሚቆረጥበት ነገር ከተማ ነው ወይስ ቴአትር ቤት፣ እናንተው ፍረዱ።

«በዚህ በጦርነት ዘመን ስለ ጎብኚ ማውራት ምን ይባላል?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። በ2012 ዓ. ም. ወረርሽኙ መጣ፤ በ2013 ዓ. ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ ከ2015 ዓ. ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል፣ በእኛው በቡሬና በፍኖተ ሰላም ጭምር፣ ስንት ነገር እንደ ደረሰ አንባቢ ያውቀዋል። ነገር ግን የእኔን ነገር የሚያጸናው ይኸው መከራ ነው። አውሮፕላኑ በቀረ ጊዜ፣ ሆቴሉ በተዘጋ ጊዜ፣ ባለሙያው በሄደ ጊዜ በላሊበላ ማን ቀረ? ካህኑና የከተማው ሰው ቀሩ። ገና በደረሰ ጊዜ አንድም ፈረንጅ ሳያያቸው በቤተ ማርያም «ቤዛ ኵሉ» ብለው ዘመሩ። ቦታውን ጎብኚ የሚመኘው ቦታ ያደረገው ጎብኚ በሌለበት ጊዜ የሚሠራው ሥራ ነው። ነዋሪውን አርቆ ያሰፈረ ፕላን በእንዲህ ያለው ዘመን ቅርሱን ለማን አደራ ሊሰጥ አስቦ ኖሮአል?

ፕላን ደግሞ የሚነደፈው ጎብኚ በሌለበት ጊዜ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ. ም. «ገበታ ለሀገር» በተባለው ሥራ ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ለጎብኚ እንዲዘጋጁ ተወሰነ፤ በጣና ዳር በጎርጎራም ተሠርቶአል። ሰላም ሲወርድ ተራው ወደ ሌሎቹ ውኃዎችና ተራራዎች መምጣቱ አይቀርም። ግሽ ዓባይን ያህል ስም ያለው ቦታ ሪዞርት ሳይታሰብለት ይቀራል ብሎ የሚያምን ካለ የዋህ ነው። እኔ ሆቴል በሰከላ አይሠራ አልልም። በጥር 13 የሚመጣው ሕዝብ ማደሪያ አጥቶ በብርድ ሲያድር እያየን ማረፊያ አያስፈልግም ማለት ጭካኔ ነው። ነገር ግን ማረፊያው ለማን ይሠራ፣ ከምንጩ ምን ያህል ይራቅ፣ ፍሳሹ በየት ይውረድ፣ ጸበልተኛው በሚጠመቅበት ሰዓት ጎብኚው የት ይቁም፣ የሚለውን መናገር ያለበት የሰከላ ሰው ነው። በምንጩ በላይ የሚያርሰው ገበሬ፣ የግሽ ካህን፣ በገበያ ቀን ከሰል ይዛ የምትወርደው ሴት ሳይጠየቁ የተነደፈ ፕላን ካርታው ቢያምርም ጫማውን እንዳደረገ የገባ ነው።

«ሕዝቡ ተወያይቶበታል» የሚል መልስ ይመጣል። በ2011 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ባለይዞታዎቹን ስለ ሥራው ዓይነትና ጥቅም ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማወያየት እንዲገባ ደንግጎ ነበር። ሕጉ ሲያወያይ አየሁት የሚል ግን ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ውይይት የሚባለው እንዲህ ያለ ነው። ሕዝቡ በቀበሌ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ ከከተማ የመጣ ሰው ወረቀት ያነባል፤ ሽማግሌ ተነሥተው ይመርቃሉ፤ አንዲት ሴት «ልጆቼን ወዴት ልውሰድ?» ብላ ትጠይቃለች፤ «ጥያቄሽ ተመዝግቦአል» ትባላለች፤ ስማቸውን የጻፉበት የስብሰባው ወረቀትም የተስማሙበት ምስክር ሆኖ ፋይል ውስጥ ይገባል። ይህ ማወያየት አይደለም፤ ማስታወቅ ነው። ማስታወቅ ለብቻው ነውር የለበትም፤ ነውሩ በማወያየት ስም መመዝገቡ ነው።

እዚህ ላይ እናንተ ማንበብ የምትችሉት የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የቲሊሊ፣ የሰከላ ልጆች ሥራ አላችሁ። በእንዲህ ያለው ስብሰባ ላይ አባቶቻችሁ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ይፈርማሉ፤ ማፈራቸው እንዳይታወቅም አንብቡልን አይሉም። ቅጂ ጠይቁ። ስብሰባው ሳይደርስ በሰንበቴ ቤት ወይም በዕድር ላይ ጮኻችሁ አንብቡላቸው፤ ቃሉ የከበደ እንደ ሆነ በቀላል አማርኛ ፍቱላቸው። «መልሶ ማስፈር»፣ «የተከለለ ዞን» የሚሉት ቃላት ሲመጡ ቆም ብላችሁ የማን ቤት፣ የማን ማሳ ማለት እንደ ሆነ በስም ጥሩላቸው።

ከወረቀቱም ጋራ ሥዕል ይኖራል። በሥዕሉ ላይ አበባ የተተከለበት መንገድ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ ጃንጥላ የተዘረጋለት ወንበር፣ የቆሙ መኪናዎች፣ ሻንጣ የሚጎትቱ ሰዎች ታያላችሁ። የመንደሩን ቤቶች ፈልጉ። ብዙ ጊዜ በቦታቸው አረንጓዴ ሣር ተቀብቶ ታገኛላችሁ። ያን ጊዜ እርሳስ አንሥታችሁ የእያንዳንዱን ቤት በየቦታው ሳሉበት፤ የባለቤቱንም ስም ጻፉበት፤ ከዚያም ሥዕሉን ይዛችሁ ወደ ስብሰባው ግቡ።